እስቲ ጎንበስ በይበት

ባለፈው እሑድ እዚሁ ደሴ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። አቦሉ ገና ሳይቀዳ ነገር ተነሳ። የቤቱ ልጅ ጥር ላይ ሠርግ አላት፤ ነገሩም የቬሎ ነገር ነው።

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ በእርሳስ የተሣለ ንድፍ አሳየችን። የሣለችው ራሷ ናት። ከወገብ በታች ሰፋ ያለ ነጭ ሳቲን ነው፤ እስከዚህ ማንም ቃል አልተነፈሰም። እጅጌው ግን በቁልፍ የሚገጠምና የሚፈታ ነው፣ በቀይና በብርቱካናማ ክር የተጠለፈ። ከኋላ መሬት የሚጠርገውም እንደዚያው ይወልቃል። ግራና ቀኝ ኪስ አለው። ጀርባዋ ላይ ደግሞ ከማጅራት እስከ ወገብ፣ መሐል ለመሐል፣ ከአያቷ የድሮ ቀሚስ የተቆረጠ ጥለት ይወርዳል።

«ኪስ?» አለች አክስቷ። ከሁሉ ያስደነገጣት እሱ ነው። «ሙሽራ ኪሷ ውስጥ ምን ልትከት?»

«ስልክ። ሶፍት። ሊፒስቲክ።»

«ሚዜዎችሽ ታዲያ ምን ሊሠሩ ነው የሚቆሙት?»

ሳቅን። አክስትየው ግን አልሳቀችም። ቬሎ ማለት ነጭ ነው፣ ከጥንት ጀምሮ እንደዚያ ነው፣ ባለ ቀለም ክር የሚገባበት የአገር ልብስ ነው፣ እሱም ለመልስ ይደርሳል አለች። ሁለቱን መደባለቅ ሁለቱንም ማበላሸት ነው ባይ ናት።

«የትኛው ጥንት?» አሉ ጥግ ላይ የተቀመጡት ጡረተኛ መምህር። እኚህ ሰው ቀን ካልጠሩ አይናገሩም። «ነጩን ፋሽን ያደረጉት የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ናቸው። በፈረንጆቹ 1840 አልበርትን ሲያገቡ ነጭ ሳቲን ለበሱ። ከዚያ በፊት እዚያም ቢሆን ብዙው ሙሽራ ያለውን ምርጥ ልብስ ነበር የሚለብሰው፤ ቀይም ይሁን ሰማያዊ። እኛ ያኔ ዘመነ መሳፍንት ላይ ነን። የየጁው ራስ አሊ ደብረ ታቦር ተቀምጠው…» ወሬው ወደ ራስ አሊ ሊሄድ ሲል ባለቤታቸው በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። ያሳዝናል፤ እኔ እንኳ መስማት ፈልጌ ነበር።

«ንግሥቲቱ ይቆዩን» አለች አክስትየው። «ቬሎ ቤት ሄዳ አንዱን ተከራይታ ትልበስ። ለአንድ ቀን ምን ያሰፋል?»

ከመሐላችን አንዷ ቬሎ ታከራያለች። ለገበያዋ ስትል አክስትየውን ትደግፋለች ብዬ ነበር። «የኪራዩ ላይ መቀስ አይገባም» አለች። «እጅጌ ቀይሪ፣ ኪስ አውጪ ብትሉኝ ወላሂ አላደርገውም። ጀርባው በገመድ የሚታሰረው እኮ ቀጭኗም ወፍራሟም እንድትለብሰው ነው። እሷ የምትፈልገው ለእሷ ብቻ የሚሆን ነው። ከእኔ ዘንድ አታገኘውም።»

ቀጥሎ የሚፈታው እጅጌ ነገር መጣ። እሱ ላይ ክርክሩ አልረዘመም። ሙሽራው የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ጠዋት ከደሴ ትነሳለች፣ ከሰዓት ድግሱ ኮምቦልቻ ነው። በጥር ጠዋት ጦሳ ተራራ ሥር ክንዷን ገልጣ ፎቶ የተነሳች ሙሽራ ካለች ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ኮምቦልቻ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢርቅም ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ይሞቃል። ደሴ ላይ የሚለበስ፣ ኮምቦልቻ ላይ የሚወልቅ እጅጌ። ይሄን ያላሰበ ዲዛይነር የደሴን ብርድ አያውቀውም። አክስትየው እንኳ ዝም አለች።

የሚጎተተው ላይ ወንድሟ ገባበት። መኪናውን የሚነዳው እሱ ነው። «የሐረጎን ቁልቁለት በዚያ ሁሉ ጥምዝ ስንወርድ ያንን ሁሉ ጨርቅ የት ነው የምናስቀምጠው? እኔ ራሴ ላይ?»

የሙሽራዋ ጓደኛ ሳቀችና የእንግሊዟን ልዕልት ዲያናን ሠርግ አነሳች። በፈረንጆቹ 1981 ነው፤ የቀሚሷ ጭራ 7 ሜትር ከምናምን ይረዝም ነበር። ጨርቁ ታፍታ የሚባለው ቶሎ የሚጨማደድ ሐር ስለሆነ ሠረገላው ውስጥ ተጨማዶ፣ ስትወርድ መጨማደዱን ዓለም ሁሉ አይቶታል። እዚያው ላይ ይቺው ጓደኛ ሜጋንን ጨመረች። በፈረንጆቹ 2018 የዲያናን ልጅ ሃሪን ስታገባ የደፋችው ዓይነ ርግብ ላይ የያኔዎቹ 53 የኮመንዌልዝ አገሮች አበባ ተጠልፎበት ነበር። «እሷ የ53 አገር አበባ ከደፋች፣ የኛዋ የአንዲት አያት ጥለት ብትለብስ ምን አለበት?»

አክስትየው የልቧን የተናገረችው ያኔ ነው። «የሜጋን አበባ አዲስ ነው። ይሄ አሮጌ ነው። ሰው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? ‹ቸግሯቸው አሮጌ ቀሚስ ለጠፉባት› ነው የሚለው።»

ቤቱ ጸጥ አለ። አያትየው ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጠው እጣኑን ያጫጭሳሉ። የቀሚሱ ባለቤት እሳቸው ናቸው፤ እስካሁን የጠየቃቸው የለም።

ዝምታውን የሰበረው ልብስ ሰፊው ነው። አንድ ጥግ ላይ ቆሎውን እየቆረጠመ ሲሰማ ቆይቷል። «እኔ ጠቤ ከክሩ ጋር ነው» አለ። «ቀይ ክር ቀለም ከለቀቀ፣ ላብ ሲነካው ነጩ ሳቲን ሮዝ ይሆናል። ከመስፋቴ በፊት ጫፉን አርሼ በነጭ ጨርቅ እተኩሰዋለሁ። ነጩ ካልቀላ እሰፋዋለሁ።» ከዚያ ያልጠበቅነውን ተናገረ። እንዲህ ላለው ሥራ አሮጌው ከአዲሱ ይሻላል። የእጅ ፈትል መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ሳቲኑ ግን አይከተለውም፣ ስፌቱ ይኮማተራል። የእማማ ቀሚስ ግን ስንት ጊዜ ታጥቦ መሰብሰቡን ጨርሷል። ችግሩ መሳሳቱ ነው፤ ከሥሩ ገበር ካልገባለት መርፌው ይበጥሰዋል። ስለ ኪሱም አልዘለለም። የጎን ስፌት ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ ስልኩ ሳቲኑን ቁልቁል ይጎትተዋል። በጥብጣብ ወገቡ ላይ ታስሮ ከተሰፋ ግን ኪስ መኖሩንም ሰው አያውቅ።

«እማማ፣ መቀሱ አያሳዝንዎትም?» አላቸው።

«ሳጥን ውስጥ ብል ከሚበላው» አሉ። ትንሽ ቆዩና ልጅቷን አዩዋት። «ግን ለምን ከኋላ አደረግሽው? እኔ የምቀመጠው ፊት ለፊት ነው። ጀርባሽን የሚያየው ካሜራው ነው።»

ልጅቷ መልስ አጣች።

«ደግሞስ በዚህ ልብስ ጉልበት ትስሚያለሽ? ነይ እስቲ። ጎንበስ በይ።»

ልጅቷ በጂንስ ሱሪዋ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። መረቋት። እኛም አሚን አልን። ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁሉም የየራሱን ይዞ ተለያየ፤ እኔ ግን ቤቴ ገብቼም ሳስበው አደርኩ። ልጅቷ ባለ ቀለም በመፈለጓ አልፈርድባትም። ነጩ ራሱ የተዋስነው ነው፤ በተዋሱት ላይ የራስን መጨመር ምን ነውር አለው? ኪሱም ይሁን። ስልኳን በየደቂቃው ከሚዜዋ ቦርሳ ከምትለምን ኪሷ ቢገባ ይሻላል። የሚጎተተውን ግን ትተወው። የሚፈታ ነገር ሁለት ከሆነ፣ ሐረጎ ላይ አንዱ መረሳቱ አይቀርም።

በጥለቱ አክስትየው ግማሽ እውነት አላት። ጀርባ ላይ እንደ ዘንግ ቀጥ ብሎ የወረደ አሮጌ ጨርቅ ከሩቅ ሲያዩት የተቀደደ የተጣፈ ይመስላል። ስህተቱ ግን ማርጀቱ አይደለም፣ ቦታው ነው። እኔ ብሆን እጅጌው ጫፍ ላይ፣ አንጓዋ ዘንድ አደርገዋለሁ። የእናት፣ የአባትና የአያቷን ጉልበት የምትስመው ጠዋት ደሴ፣ እጅጌዋን ሳትፈታ ነው። እጇን ጉልበታቸው ላይ ስታሳርፍ አያትየው የራሳቸውን ጥለት ያዩታል። ከቀሚሱም የሚቆረጠው ሁለቱ አንጓ ብቻ ነው፤ ሌላው ለእሳቸው ይቀራል።

ይሄንኑ በማግስቱ ደውዬ ነገርኳት። «ኮምቦልቻ ላይ ግን ማንም አያየውም እኮ» ብላ ቅር አላት። አዎ፣ አያየውም። ለልክ ስትሄድም መስታወት ፊት ቆማ ብቻ እንዳትመለስ አስጠነቀቅኳት። ኮርሴቱ ጠብቆ ወገቧን ከያዘው፣ ጥልፉም ኪሱም ምንም አያደርግላትም። ልብስ ሰፊው ወንበር ላይ ይቀመጥና እዚያው ትንበርከክለት።