"ቀጥ በል" አንገትን አያጠነክርም

በማኅበራዊ ገጾች የምትዘዋወር አንዲት ሥዕል አለች። አንድ ወጣት ስልኩ ላይ አቀርቅሯል፤ ማጅራቱ ላይ "27 ኪሎ" ተብሎ ተጽፏል። ቁጥሩ የተገኘው አንድ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2014 ካሳተመው ስሌት ነው። 5 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጭንቅላት 15 ዲግሪ ሲያቀረቅር አንገት የሚሸከመው ኃይል ወደ 12 ኪሎ፣ 60 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ ወደ 27 ኪሎ ከፍ ይላል ይላል ስሌቱ። ይህ የኮምፒውተር ሞዴል ውጤት ነው፤ የማንም ሰው አንገት አልተለካም። ጭነቱ ባጎነበሱ ቁጥር መጨመሩ እውነት ነው። ከሥዕሉ የተወሰደው ትምህርት ግን ለሰዓታት አቀርቅሮ የሚያነበውን ተማሪ ጎድቶታል፦ አንገቱ በቀላሉ የሚሰበር ነገር መስሎታል፤ መድኃኒቱም ቀጥ ብሎ መቀመጥ ብቻ መስሎታል።

ቀጥ ብሎ ለማንበብ የሞከረ ሁሉ ውጤቱን ያውቀዋል። ሦስት ደቂቃ፣ ግፋ ቢል አምስት። ሐሳብ ወደ ገጹ ሲመለስ ትከሻው ይወርዳል፣ አገጩም ወደ ፊት ይሄዳል። ይህ ስንፍና አይደለም። ጭንቅላትን ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎች ጽናት ከሌላቸው በቁጣም በማስታወሻ መተግበሪያም አይጸኑም።

አቀማመጡ ራሱም የሚወራበትን ያህል ጥፋተኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ከ1,100 በላይ የ17 ዓመት ወጣቶችን አቀማመጥ ከጎን መርምሮ በየዓይነቱ መድቧቸዋል። አንገታቸውን ወደ ፊት ያወጡትና የጎበጡት ከሌሎቹ ይበልጥ የአንገት ሕመም አልተገኘባቸውም። ይህ "እንደፈለጋችሁ ተጣጥፋችሁ ተቀመጡ" ማለት አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ሳይንቀሳቀሱ አራት ሰዓት መቆየት ቀጥ ያለውንም የጎበጠውንም ያደክማል። መጠየቅ ያለበት አንገቱ ያን ያህል ሰዓት የመሥራት አቅም አለው ወይ የሚለው ነው።

አቅም ደግሞ በልምምድ ይመጣል። በፊንላንድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ሥር የሰደደ የአንገት ሕመም ያለባቸውን 180 ሴት የቢሮ ሠራተኞች ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። የጥንካሬ ወይም የጽናት ልምምድ የሠሩት፣ ማሳሳብና የልብ ምት የሚጨምር እንቅስቃሴ ብቻ ከተመከሩት በግልጽ የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። በዴንማርክ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ጥናት ደግሞ 198 ሰዎች በሦስት ቡድን ተከፍለው ለ10 ሳምንት ታይተዋል። በሳምንት አምስት ቀን በስፖርት ላስቲክ የሠሩት፣ በቀን 12 ደቂቃም ሆነ 2 ደቂቃ ብቻ ቢሠሩ፣ ሕመማቸው ምንም ካልሠሩት ይልቅ ቀንሷል። ሁለት ደቂቃ! ተሳታፊዎቹ ተማሪዎች አልነበሩም፤ ግን ስክሪን ፊት ቁጭ ብሎ በመዋሉ ማንም ተማሪ ከእነሱ አያንስም።

እንግዲህ ከየት ይጀመር? ከዳምቤሉ አይደለም፤ ከጉሮሮ ጀርባ፣ የአንገት አከርካሪን ከፊት በኩል ተለጥፈው ከሚደግፉት ጥልቅ ጡንቻዎች ነው። በጀርባችሁ ተኙ፤ ጉልበታችሁን አጥፉ። ግንባርና አገጭ በእኩል ከፍታ እንዲሆኑ የታጠፈ ፎጣ ከጭንቅላታችሁ ሥር አድርጉ። አሁን "እሺ" እንደሚል ሰው በጣም በትንሹ ነቅንቁ፤ አገጭ ወደ ጉሮሮ ይቅረብ፤ ጭንቅላት ግን ከፎጣው አይነሣ። የጭንቅላታችሁ ኋላ በፎጣው ላይ ወደ አናት አቅጣጫ ሲንሸራተት ይሰማችኋል። 10 ሰከንድ ያዙ፤ ልቀቁ፤ 10 ጊዜ ድገሙ። የምትንቀጠቀጡ ከሆነ በ5 ሰከንድ ጀምሩ።

ቀላል ይመስላል፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ነው። ሁለት ጣት በአንገታችሁ ጎን አሳርፉ። ከጆሮ ጀርባ ተነሥቶ እስከ ደረት አናት በሰያፍ የሚወርድ ገመድ የመሰለ ጡንቻ አለ። ገና ሲጀመር ያ ገመድ ከጣታችሁ ሥር ከተገተረ፣ ጥልቁ ጡንቻ ሥራውን ለጎረቤቱ ጥሎ ተኝቷል ማለት ነው፤ ጉልበታችሁን በግማሽ ቀንሱና እንደገና ሞክሩ። ጭንቅላትን ወደ ወለሉ መጫንም ስሕተት ነው፤ ያን ጊዜ የሚሠራው የማጅራት ጡንቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ ነው። ትንፋሽ አትያዙ። ከንፈር ገጥሞ ጥርስ ሳይነካካ፣ ምላስ ላንቃ ላይ ቀስ ብሎ ቢያርፍ መንጋጋ ጣልቃ አይገባም።

ይህ ያለ ገመዱ እርዳታ ሲሳካ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አገጩን እንደሰበሰባችሁ ጭንቅላታችሁን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከወለሉ አንሡና ሰዓት ያዙ። አገጭ ሲያመልጥ ወይም ጭንቅላት ሲወርድ ቆጠራው ያበቃል። 40 በሚያህሉ ሰዎች ላይ በተደረገ አንድ ጥናት አንገታቸውን የማያማቸው በአማካይ 39 ሰከንድ ገደማ፣ የሚያማቸው 24 ሰከንድ ገደማ ቆይተዋል። ቁጥራችሁን ጻፉት፤ በኋላ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ትከሻ ነው። አንገት ብቻውን አይሠራም፤ ከትከሻ ጠፍጣፋ አጥንት ወደ ማጅራት የሚወጡት ጡንቻዎች የእጅን ክብደት ሁሉ ይጎትቱታል። የስፖርት ላስቲክ በደረት ከፍታ እሰሩ፤ ክርናችሁን ወደ ጎድን እየሳባችሁ 2 ሰከንድ ያዙ፤ በ3 ሰከንድ መልሱ። 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ድግግሞሾች የማይከብዱ ከሆነ ላስቲኩ ቀሏል፤ ትከሻ ወደ ጆሮ ከወጣ ደግሞ ከብዷል። የምታስሩት በር እጀታ ላይ ከሆነ፣ ስትስቡት የሚዘጋ እንጂ የሚከፈት በር አትምረጡ፤ በመሀል የተከፈተ በር ፊት ላይ ነው የሚያርፈው። ላስቲክ ከሌለ መጽሐፍ የተሞላ ቦርሳ በአንድ እጅ ይዞ፣ ሌላውን እጅ ወንበር ላይ ተደግፎ ወደ ጎድን መሳብ ይቻላል።

የዴንማርኮቹ የሁለት ደቂቃ ልምምድ ይህ ነው፦ ላስቲኩን በእግር ረግጦ፣ ክርንን በትንሹ አጥፎ፣ ሁለቱን እጆች በጎን እስከ ትከሻ ከፍታ ማንሣትና ቀስ ብሎ ማውረድ፤ እስኪደክም ድረስ። ወገብ እየወዘወዘ የሚረዳ ከሆነ አልተሠራም። ከግድግዳ ጋር የሚሠራ ፑሽአፕ ይጨመርበት፤ እጅ ከተዘረጋ በኋላ ግድግዳውን ትንሽ ገፋ ማድረግ የትከሻውን ጠፍጣፋ አጥንት የሚይዘውን ጡንቻ ያነቃዋል። ደረት ከተኮማተረ በበር መቃን ላይ ክንድን አስደግፎ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መራመድ፣ 30 ሰከንድ ሦስት ጊዜ። ጣት ቢደነዝዝ ወዲያው ይቁም። ማሳሳብ ደስ ይላል፤ ብቻውን ግን ለሰዓታት እፎይታ እንጂ ለአቅም አይሆንም። ብዙዎች ከሱ የማያልፉት ስለሚያስደስት ይመስለኛል።

ሦስት ቀን በሳምንት፣ በእያንዳንዱ የልምምድ ቀን 20 ደቂቃ፣ ቢያንስ ለ8 ሳምንት። በተከታታይ ሁለት የልምምድ ቀን 15 ጊዜ ከቻላችሁ ጭነት ጨምሩ። መጀመሪያ ላይ ለአንድ ሁለት ቀን ጡንቻ መጠዝጠዙ የሚጠበቅ ነው። ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ከ3 የማይበልጥ ሕመም ልምምዱን አያስቆምም፤ በማግሥቱ ከባሰ ግን ድግግሞሹን ቀንሱ።

የፈተና ሰሞን ሁሉም የሚቋረጥበት ጊዜ ነው፤ የባሰው ስሕተትም ይኸው ነው። በቀን ሁለት ሰዓት ያነብ የነበረ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ አሥር ሰዓት ይዘላል፤ እንቅልፉ ያጥራል፤ ጭንቀቱ ይጨምራል። ሳይለማመድ ረጅም ርቀት የሮጠ ሰው ጉልበቱን ቢያመው ማንም አይገረምም። ለዚያ ሰሞን የሁለት ደቂቃዋን የላስቲክ ልምምድ ብቻ አስቀሩ። ላፕቶፑን የመጽሐፍ ቁልል ላይ አውጡና ለብቻው ኪቦርድ ተጠቀሙ፤ ስልክ ስታነቡ ክርናችሁን ትራስ ላይ አሳርፉ፤ በየ30 ደቂቃው ተነሡ። ለአንድ ደቂቃ መቆም እንኳ ይበቃል።

ልምምድ የማይመለከታቸው ምልክቶችም አሉ። እጅ ሲደክም ወይም ሲደነዝዝ፣ ቁልፍ መቆለፍ ወይም መጻፍ ሲያስቸግር፣ አካሄድ ሲንገዳገድ፣ ሽንት መቆጣጠር ሲያቅት፣ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር ሲመጣ፣ ሕመሙ ከአደጋ በኋላ ሲጀምር ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ ሲቀሰቅስ ላስቲኩን አስቀምጣችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ይህ ሁሉ የተማሪው የግል ጉዳይ ተደርጎ መተዉ አይዋጥልኝም። የላይብረሪ ወንበር ለማስለወጥ ዓመታት ይጠበቃል፤ ተማሪ ለአራት ሰዓት የሚቀመጥበት ክፍል ጥግ ላይ ሁለት ላስቲክ መስቀል ግን ግማሽ ቀን አይፈጅም። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ባለበት ኮሌጅ ደግሞ ከሩጫውና ከኳሱ 20 ደቂቃ ተቆርጦ ለጀርባና ለአንገት ቢሰጥ የሚጎድል ነገር የለም። አሠልጣኙ አጠገብ ቆሞ ያን ገመድ በጣት ማስፈተሽ ከቻለ፣ ግማሹ ስሕተት በመጀመሪያው ቀን ይታረማል።

በስምንተኛው ሳምንት ተመልሳችሁ ተኙና ጭንቅላታችሁን አንሥታችሁ ሰዓት ያዙ። የበፊትና የአሁን ፎቶ አያስፈልግም፤ አገጭን ለአንድ አፍታ ሰብስቦ ፎቶውን ማሳመር ቀላል ነው። በጻፋችሁት ቁጥርና በአሁኑ መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከቱ።