ፀሐይ ተመለሰች፤ ወረቀቶቹስ?

ጣሊያን «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላናችንን የመለሰች ሰሞን ፌስቡኩ ሁሉ ፀሐይ በፀሐይ ሆኖ ነበር። ጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ደስ አለን፣ ፎቶ ተቀባበልን፣ ከዚያ ወደ ሌላ ወሬ አለፍን። እኔን ግን አንድ ጥያቄ እስካሁን አልለቀቀኝም። ይቺን አውሮፕላን የሠሩት ኢትዮጵያውያን እነማን ናቸው?

የጀርመኑን መሐንዲስ ስም እናውቃለን፤ ሉድቪግ ቬበር ይባላል። አውሮፕላኗ በ1935 አቃቂ ላይ እንደተሠራች እናውቃለን (ከዚህ ዓመት ጀምሮ ሁሉንም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፤ ሰነዶቹ በዚያ ስለሆኑ ነው፣ እንዳንምታታ)። ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ናት። ስሟ የተወሰደው ከንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ነው። ጥቂት ከበረረች በኋላ አዲስ አበባ በ1936 ተያዘች፣ እሷም ተማረከች፤ ዕድሜዋን ከሞላ ጎደል በጣሊያን፣ በኋላም ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ጨረሰች። ይሄን ሁሉ እናውቃለን። እንጨቱን የላገው፣ ጨርቁን የወጠረው፣ ሞተሩን ያሰረው አበሻ ግን ስም የለውም። አውሮፕላኗን አሥር ጊዜ ብትዞሯት አትነግራችሁም። ይሄን የሚናገረው ወረቀት ነው፤ የደሞዝ መክፈያ፣ የዕቃ ግዢ ደረሰኝ፣ የሆነ ሰው ለሆነ ሰው የጻፈው ደብዳቤ።

ወረቀት ምን ያደርጋል የሚል ካለ የመርዝ ጋዙን ነገር ያስታውስ። ጣሊያን በ1935 እና 1936 በአውሮፕላን መርዝ ማርከፍከፏን አባቶቻችን በዓይናቸው አይተው ነበር፤ ንጉሡም ጄኔቫ ድረስ ሄደው ተናግረዋል። ሮም ግን ለብዙ ዓመታት ሽምጥጥ አድርጋ ካደች። በመጨረሻ አፏን ያዘጋት የእኛ ምስክርነት አይደለም። አንጄሎ ዴል ቦካን የመሰሉ ጣሊያናውያን የታሪክ ሰዎች ከራሷ መዝገብ ያወጡት ቴሌግራምና የአየር ኃይል ሰነድ ነው። የመከላከያ ሚኒስቴሩ በይፋ ያመነው በ1996 ነው። ስድሳ ዓመት! ስለዚህ አውሮፕላኗን ስንረከብ አብሮ መጠየቅ የነበረበት ነገር አለ፤ ስለ አቃቂ፣ ስለ ሞተር ክፍሉ፣ ስለተማረኩት ሌሎች ዕቃዎች ያለው ፋይል ኮፒ ይሰጠን ማለት ነበረብን። አሁንም አልረፈደም።

ሌላው ዓለም እንዴት እየሠራ እንደሆነ አንድ ሰው ላይ ብቻ እንይ። ጆን ሮቢንሰን። ሚሲሲፒ ውስጥ ያደገ፣ ቺካጎ አብራሪነት የተማረ ጥቁር አሜሪካዊ፣ በ1935 መጥቶ የአየር ኃይላችን አዛዥ የሆነ። የመለመሉት አሜሪካ ሕክምና የተማሩት ኢትዮጵያዊ ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። ስለሱ በእንግሊዝኛ ከአንድ በላይ የሕይወት ታሪክ ታትሟል። ለምን ተቻለ? ሮቢንሰን ከአዲስ አበባ ለጋዜጠኛው ለክሎድ ባርኔት ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፣ ባርኔት ደግሞ ደብዳቤ የሚጥል ሰው አልነበረም፣ ከሞተ በኋላ የሰበሰበው ሁሉ ቺካጎ ታሪክ ሙዚየም ገባ፣ ዛሬ ማንም ተመራማሪ ሄዶ ያነበዋል። የዘመኑ የጥቁሮች ጋዜጦችም ዲጂታል ሆነዋል። ሁበርት ጁሊያን የሚባለው ሌላው አብራሪ በ1930 ንጉሡ ዘውድ ሊጭኑ ሲሉ አውሮፕላናቸውን እንዴት እንደከሰከሰ፣ በኋላ ከሮቢንሰን ጋር አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ እንዴት እንደተደባደቡ (አዎ፣ በቡጢ) ሁሉ እዚያ አለ። አስቡት፤ አዲስ አበባ ውስጥ የተጣሉትን የሁለት ሰዎች ጠብ ለማወቅ የቺካጎ ጋዜጣ ማገላበጥ አለብን።

ሮቢንሰን ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ መጥቶ ወጣቶች አሠልጥኗል፤ በ1954 እዚሁ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ያሠለጠናቸው ልጆች ማስታወሻ ይዘው ነበር? የፈተና ወረቀታቸው የት ነው? የሮቢንሰንን ታሪክ ግማሹን የሚነግሩን እነሱ ናቸው፤ ያ ግማሽ ገና አልተጻፈም።

የስዊድኑ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንም እንዲሁ ነው። በ1935 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ሊያበር የመጣ፣ ከነፃነት በኋላ ቢሾፍቱ ላይ አየር ኃይሉን እንደገና ያቋቋመ ሰው ነው። በ1947 ሳብ የተባለው የስዊድን ኩባንያ የሠራትን ሳፊር የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ከስቶክሆልም አስነስቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ አመጣት። ከ6,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ 31 ሰዓት ገደማ ፈጀበት። ስዊድኖች ስለሱ ይጽፋሉ፣ ፋይሉም ፎቶውም አላቸው። ፎቶው ላይ አጠገቡ የቆሙት ጥቁር ልጆች ግን ብዙ ጊዜ «ኢትዮጵያውያን ሠልጣኞች» ተብለው ይታለፋሉ። የእነዚያ ልጆች ስም ቢሾፍቱ በአንድ መዝገብ ላይ ተጽፎ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ፤ የአየር ኃይል ትምህርት ቤት ስም ሳይመዘግብ አያስተምርም።

አሁን ወደ ጠፈሩ ልውጣ፤ እኔን በጣም የገረመኝ እሱ ስለሆነ።

አስመራ ላይ ቃኘው ስቴሽን የሚባል የአሜሪካ ጦር ሰፈር ነበር። አስመራ ያኔ በኢትዮጵያ ሥር ነበረች፣ አሜሪካኖቹም በ1953ቱ ስምምነት ነው የቆዩት። የሬዲዮ መጥለፊያ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እነሱ ራሳቸው ምስጢርነቱን አንስተው ያወጧቸው የስለላ ድርጅቶቻቸው ጽሑፎች የሚተርኩትን ነው፤ ከ1965 ጀምሮ እዚያ «ስቶንሃውስ» የሚባል ጣቢያ ነበር። ሥራው ሶቪየቶች ወደ ጨረቃ፣ ወደ ቬነስና ወደ ማርስ የሚልኳቸው መንኮራኩሮች ወደ ምድር የሚያወሩትን መስማት ነው። ሁለት ግዙፍ ሳህን አንቴና ነበሩት፤ ትልቁ ወርዱ 46 ሜትር ገደማ ነው።

ለምን አስመራ? መልሱ ሲገባችሁ ትስቃላችሁ። ሩቅ የሄደ መንኮራኩር ዝም ብሎ ቀኑን ሙሉ አያወራም፤ ኃይሉ ውስን ነው፣ ባለቤቶቹ «አሁን ተናገር» ሲሉት ነው የሚናገር፣ እነሱ ደግሞ የሚሉት መንኮራኩሩ ከራሳቸው ጣቢያ በላይ ሰማይ ላይ ሲሆን ነው። የሶቪየቶች ዋና ጣቢያ ክራይሚያ ነበር። ስለዚህ መስረቅ የፈለገ ሰው የክራይሚያን ሰማይ በተመሳሳይ ሰዓት የሚያይ ቦታ ያስፈልገዋል። ካርታ አውጥታችሁ ከክራይሚያ ቀጥ ብላችሁ ወደ ደቡብ ውረዱ፤ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ስትሉ አስመራ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ፣ ያውም የአሜሪካ ሰፈር ቀድሞ ያለባት። ሶቪየት ለመንኮራኩሯ ሹክ ስትል፣ መልሱን አስመራም እኩል ትሰማለች።

በ1966 ሉና 9 ጨረቃ ላይ ስታርፍ የላከችውን ሥዕል የእንግሊዙ ጆድሬል ባንክ ጠልፎ ጋዜጣ ላይ እንዳወጣው በጠፈር ታሪክ ውስጥ የታወቀ ወሬ ነው። የአስመራውን ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? ጣቢያው በ1975 ተዘጋ፣ ቃኘው ራሱ በ1977። ዛሬ ቦታው ኤርትራ ነው፣ ታሪኩ ግን የሁለታችንም ነው። እዚያ ሰፈር ውስጥ በሾፌርነት፣ በመካኒክነት፣ በጥበቃ፣ በወጥ ቤት የሠሩ ሰዎች አሉ፤ ከፊሎቹ አሜሪካ፣ ከፊሎቹ አዲስ አበባና አስመራ ይኖራሉ፣ ከፊሎቹ አልፈዋል። አሜሪካኖቹ ወታደሮች ትዝታቸውን ጽፈዋል፣ ፎቷቸውን ለጥፈዋል። የእኛዎቹን ማን ጠየቃቸው?

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንምጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1945 ተቋቋመ፣ በሚያዝያ 1946 የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ አድርጎ ወደ ካይሮ አደረገ፣ በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። እነዚህን ዓመቶች ልጆቻችን ሳይቀሩ ያውቋቸዋል፣ በየበዓሉ ስለሚነገሩ። ዓመት ግን ታሪክ አይደለም። ሥራውን ካስጀመረው ከአሜሪካው አየር መንገድ ከቲደብሊውኤ ጋር የተደረገው ድርድር እንዴት ነበር? ፈረንጆቹ ኮክፒቱን እንዲለቁ ማን ገፋ፣ ማን አዘገየ? በ1930ዎቹ አብራሪነት ከተማረችው ከሙሉእመቤት እምሩ ተነስተን በ2010 ካፒቴን እስከሆነችው አምሳለ ጓሉ ድረስ 75 ዓመት ገደማ አለ፤ በመሃል ማን ሞክራ ተከለከለች? ይሄ የሚገኘው በቃለ ጉባኤና በማመልከቻ ወረቀት ውስጥ ነው።

የቀድሞ የአየር ኃይል ሰዎች በአማርኛ መጽሐፍ እየጻፉ ነው፤ ጥሩ ነው፣ አነባለሁ፣ እወዳለሁም። ነገር ግን ትዝታ ትዝታ ነው። በኦጋዴን ጦርነት ተመትተው 11 ዓመት ሶማሊያ የታሰሩት ጄኔራል ለገሠ ተፈራ ዛሬ በሕይወት የሉም። የውጭ ጸሐፊዎች ስለዚያ የአየር ውጊያ ሥዕልና ካርታ ያለው መጽሐፍ እያሳተሙ ነው። የእኛ የበረራ መዝገብ ከጎኑ ካልቀረበ ነገ የልጅ ልጆቻችን የሚያነቡት የእነሱን ግምት ነው።

«የመከላከያ ጉዳይ ምስጢር ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የዛሬው ይሁን፣ ማንም አይከራከርም። የ1950 የሠልጣኞች ስም ዝርዝር ግን ምኑ ነው ምስጢር? አሜሪካ እንኳ ከተለየ ምክንያት በቀር 25 ዓመት የሞላውን ሰነድ የመክፈት ሕግ አላት፤ የስቶንሃውስንም ወሬ የሰማነው አንዱ ሰነድ ከሌላው ተከትሎ ስለተከፈተ ነው። እኛም አንድ ቁጥር እንቁረጥ። ሃምሳ ዓመት ይሁን ካሉ እሱም ይሁን፣ ግን ይቆረጥ። ወደ ወመዘክር ይግባ፣ ይቃኝ፣ ካታሎጉ ኢንተርኔት ላይ ይውጣ።

የሳተላይቱንም ነገር ከአሁኑ ብናስብበት ጥሩ ነው። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 በታኅሣሥ 2019 ከቻይና ስትመጥቅ የሠሩት ወጣት መሐንዲሶች ዛሬም አሉ፣ ኢሜይላቸውም አለ። እንጦጦ ያለው የጠፈር ሳይንስ ተቋም አንድ ሰው መድቦ አሁኑኑ ቢሰበስበው ወጪው ኢምንት ነው። ኢሜይል ደግሞ እንደ ወረቀት ሣጥን ውስጥ ተረስቶ አይተርፍም፤ ሰርቨር ሲቀየር በቃ ጠፋ ማለት ነው።

ይሄን የምታነቡ የአብራሪ፣ የቴክኒሺያን፣ የሆስተስ ልጆችና የልጅ ልጆች ደግሞ፣ ቤት ስትቀይሩ ያንን የበረራ ሰዓት መመዝገቢያ ደብተር አትጣሉት። በስልካችሁ ገጽ በገጽ አንሱት። ፎቶዎቹን አውጡና አባታችሁ ወይም እናታችሁ በሕይወት ካሉ «ይሄ ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ስሙንና ዓመቱን ከጀርባው በእርሳስ ጻፉበት። በእስክሪብቶ አይደለም፣ ቀለሙ ወደ ፊት ይወጣል።