ባይንድ አድርገው ዘወር ለሚሉ ጀግኖች

በሲ ቋንቋ ከኤስኪውላይት (ከዳታቤዝ ላይብረሪው) ጋር የሚሠሩ፣ ፓራሜትር ባይንድ አድርገው (በኩዌሪው ክፍት ቦታ ላይ ቫልዩ አስረው) ዞር ብለው የማያዩ ፕሮግራመሮቻችን እድሜ ይስጣቸው። ኩዌሪውን (ለዳታቤዙ የሚሰጠውን ትእዛዝ) በስፕሪንትኤፍ፣ በጽሑፍ መገጣጠሚያው ፈንክሽን፣ እየቀጣጠለ አንዲት ነጠላ ጥቅስ ምልክት ጉድ ከምትሠራው ሰው ጋር ሲተያዩ እነዚህ የሠለጠኑ ናቸው። ቫልዩ የሚገባበትን ቦታ የምትይዘውን የጥያቄ ምልክት ያውቃሉ። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝር ደግሞ ሥራ ላጡ ሰዎች።

በመጀመሪያ ልግስናቸው ይደነቅ። ፈንክሽን ውስጥ ባለ 64 ባይት ባፈር ይከፍታሉ፣ ስም ይሞሉበታል፣ የባይንድ ቴክስት (ጽሑፍ ባይንድ የሚያደርገው ፈንክሽን) 5ኛ ቦታ ላይ «ስታቲክ» ብለው ያስረክባሉ፣ ከፈንክሽኑም ይወጣሉ። ስታቲክ ማለት «ይህ ሜሞሪ ንቅንቅ አይልም፣ ኮፒ አታድርግ» ብሎ ቃል መግባት ነው። ስቴፕ (ኩዌሪውን የሚያስኬደው ፈንክሽን) ሲጠራ ያ የስታክ (የፈንክሽኑ ጊዜያዊ ሜሞሪ) ቦታ ሌላ ተከራይ ገብቶበታል፤ ቴብሉ ውስጥ ሲቀና ስሙ፣ ሳይቀና ኮተት ይገባል። ኦፕቲማይዝ ባልተደረገ ቢልድ ብዙ ጊዜ የሚሠራ መምሰሉ ደግሞ ምርቃት ነው። «ትራንዚየንት» ቢሉት ላይብረሪው እዚያው የራሱን ኮፒ ይይዝ ነበር፤ ግን ብክነት ማን ይወዳል? ከሁሉ የሚተጉት በማሎክ የያዙትን ሜሞሪ ከነፍሪው (ከማስለቀቂያው ፈንክሽን ጋር) ያስረክቡና፣ ላይብረሪው እንዳይደክም ራሳቸውም ደግመው ፍሪ ያደርጉታል።

ቁጠባቸውስ! የዚያው ባይንድ ቴክስት 4ኛው ቦታ የሚፈልገው የባይት ብዛት ነው። «ሰላም» 3 ፊደል ናት፤ በዩቲኤፍ-8 ግን 9 ባይት። እነሱ 3 ብለው ይጽፋሉ፣ ዳታቤዙ ውስጥ «ሰ» ብቻዋን ትቀራለች። (-1 ቢሉ ላይብረሪው ራሱ እስከ ዜሮዋ ባይት ድረስ ይቆጥር ነበር።)

ጥበባቸው የሚረቀው ግን ሉፕ ውስጥ ነው። 1000 ሰው ለማስገባት ባይንድ፣ ስቴፕ፣ ባይንድ፣ ስቴፕ። በመሀል ሪሴት (ኩዌሪውን ለቀጣዩ ዙር ወደ መነሻው መመለስ) የሚባል ነገር የለም። ሁለተኛው ባይንድ አዲሱን ቫልዩ ሳይቀበል 21፣ ማለትም ሚስዩዝ (ያላግባብ አጠቃቀም) ብሎ ይመለሳል። ማን አይቶት! ሪተርን ኮድ (ፈንክሽኑ የሚመልሰውን ቁጥር) መመልከት ላይብረሪውን መጠራጠር ነው፣ ነውር። ስቴፕ ደጉ ራሱን ሪሴት አድርጎ በአሮጌው ቫልዩ ይሠራና 101፣ «ዳን» (ጨርሻለሁ) ይላል። ቴብሉ ላይ ዩኒክ (ድግግሞሽ የሚከለክል) ገደብ ከሌለ 1000 ረድፍ ይገባል፣ ሁሉም አንድ ሰው። ድምሩ እንከን የለውም፤ አለቃ የሚጠይቀውም ድምሩን ነው።

ሪሴት የሚያደርጉትም ከምስጋናው አይጎድሉም። ሪሴት የተባይነደውን አያጠፋም። ስልክ የሌለው ሰው ሲመጣ «ባዶ አይደል?» ብለው ባይንዱን ይዘሉታል፤ ሰውየውም ከሱ በፊት የገባውን ሰው ስልክ ይወርሳል። ክሊር ባይንዲንግስ የምትባል አንዲት መስመር ሁሉንም ነል (ባዶ) ታደርግላቸው ነበር፤ መስመር ማብዛት ግን አይወዱም። ፓራሜትርን ከ0 የሚቆጥሩትን በአጭሩ እንለፋቸው፦ ከ1 ነው፣ 0 ላሉት 25 የሚል የስህተት ኮድ ይመለስላቸዋል፣ ያንንም አያዩትም።

መዝጊያው ላይ ፋይናላይዝ ያልተደረገ (ሥራው አልቆ ያልተለቀቀ) ስቴትመንት፣ ማለትም የተዘጋጀ ኩዌሪ፣ ካለ ክሎዝ 5፣ «ቢዚ» (ሥራ ላይ ነኝ) ብሎ ኮኔክሽኑን ሳይዘጋ ይመለሳል። የነቁት ታዲያ ክሎዝ ቪ2ን ይጠራሉ። እሱ 0 (ተሳክቷል) ብሎ ያስደስታቸዋል፤ ኮኔክሽኑ ግን የመጨረሻው ስቴትመንት ፋይናላይዝ እስኪደረግ ዞምቢ ሆኖ፣ የተዘጋ መስሎ ሜሞሪውን እንደያዘ፣ ይቆያል። ሜሞሪው እየወፈረ ሲሄድ ፕሮግራሙን በየሌሊቱ ሪስታርት የሚያደርግ ክሮን ጆብ (በሰዓቱ ራሱ የሚነሳ ሥራ) ይጻፍለታል፤ ሪፖርቱ ላይም «መደበኛ ጥገና» ተብሎ ይመዘገባል።