ማስተካከያ፦ ስለ ጀልባ ማንሻ (ጀልባን ከውሃ አንስቶ የሚያቆይ መሣሪያ)

ጎንደር ውስጥ «ጀልባህ 800 ኪሎ ከሆነ 800 የሚያነሳ ማንሻ ይበቃሃል» እየተባለ የሚወራው ልክ አይደለም። ብዙ ጊዜ 800 የሚባለው ባዶው ጀልባ ነው። ሞተሩ፣ ባትሪው፣ መልህቁ አልተቆጠረም፤ 100 ሊትር ቤንዚን ብቻውን ወደ 75 ኪሎ ይመዝናል፣ ክረምት ላይ ሳይሸፈን ያደረ ጀልባ የሚያጠራቅመውን ዝናብ ደግሞ አስቡት። ሁሉንም ደምራችሁ ከዚያም ትንሽ ከፍ ያለ ግዙ።

«እግሩ መሬት የተተከለው ማንሻ ይሻላል» የሚለውም ጣና ዳር ላለችው ጎርጎራ ብዙም አያስኬድም። ጣና መስከረምና ጥቅምት ይሞላል፣ ግንቦትና ሰኔ ይወርዳል፣ ልዩነቱ 1.5 ሜትር ገደማ ነው። ታዲያ ውሃው ሲሸሽ ቋሚው ማንሻ ጀልባውን ጭቃ ላይ ሊያስቀረው ይችላል። ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ማንሻ ግን ከውሃው ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። እምቦጭ እንዳይተበተብበት ግን ከስሩ አየት ማድረግ ነው።