ምስጋና ለአቋም መግለጫ አርቃቂዎች

ሰሞኑን ጅማ ላይ የዓለም የፋይናንስ ሥርዓት ሊታረም ለጥቂት ነው የተረፈው። ስለ ልማት ገንዘብና ስለ አገራት ዕዳ ግማሽ ቀን በፈጀ ውይይት «አጽንዖት ተሰጠ»፣ «ማሳሰቢያ ተላለፈ»፣ ማሳረጊያው ላይ «ጥሪ ቀረበ»። ቡና አገር ተቀምጦ ባለ ፓኬት ቡና በሙቅ ውሃ የሚበጠብጥ ተሳታፊ የዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) መቀመጫ የሆነችውን ዋሽንግተንን ቢያርም ምን ይገርማል!

ሙያው የቆየ ነው። በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የስፔኗ ሴቪያ በዚሁ ጉዳይ ዓለምን ሰብስበው መግለጫ አውጥተዋል። መግለጫ እጥረት ገጥሞን አያውቅም።

ከሁሉ የማደንቀው ግን የቡድን 20ን፣ ማለትም የታላላቅ ኢኮኖሚዎችን ስብስብ፣ «የጋራ ማዕቀፍ» የተባለ የዕዳ ማቃለያ አሠራር ነው። ዕዳ የከበደው አገር ያመለክታል። አይኤምኤፍ ዕዳው ይቻል አይቻል እንደሆነ ያሰላና «ብር ከመልቀቄ በፊት አበዳሪዎች እንደሚያቃልሉ ማረጋገጫ ይስጡኝ» ይላል። አበዳሪዎች ደግሞ «መጀመሪያ የአይኤምኤፍን ፕሮግራም እንይ» ይላሉ። እንደ ምንም ይህ ከታለፈ የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ አለ፤ የእኛን ቻይናና ፈረንሳይ በጋራ መሩት። ቀጥሎ የመርህ ስምምነት። ቀጥሎ የመግባቢያ ሰነድ። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ አበዳሪ መንግሥት ጋር ለየብቻ ውል። አለቀ ስትሉ የቦንድ ባለቤቶች፣ ማለትም የመንግሥትን የዕዳ ሰነድ የገዙ የግል አበዳሪዎች፣ ብቅ ይላሉ፤ ኮሚቴው ውስጥ የሉም፣ ግን ከመንግሥታቱ ጋር «ተመጣጣኝ» ቅናሽ ይጠበቅባቸዋል። ተመጣጣኙ ስንት ነው? እሱ ሌላ ድርድር ነው።

ኢትዮጵያ ጥር 2013 ጠየቀች፤ ከመንግሥታቱ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ላይ የተደረሰው ሰኔ 2017 ነው። መሃል ላይ፣ ታኅሣሥ 2016፣ በውጭ ገበያ የተሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላሩ ዩሮ ቦንድ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። ጦርነቱ አዘግይቶናል፣ አይካድም። ጦርነት ያልነበረባት ዛምቢያስ? በዚያው ሰሞን አመልክታ ከመንግሥታቱ ጋር የተስማማችው ሰኔ 2015 ነው።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅር። ሐምሌ 2016 የአይኤምኤፍ ፕሮግራም እንዲጸድቅ የብር ተመን ለገበያ ተለቀቀ፤ ከ57 ብር የተነሳው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ተሻገረ። ማዳበሪያ የሚገዛው በዶላር ነው። ቡና ያለው የጅማ ዞን የጎማ ወረዳ ገበሬ ትንሽ አገገመ እንበል፤ በቆሎ የሚዘራው የቀርሳ ወረዳ ገበሬ ግን ያልተበደረውን እየከፈለ ነው። ይህን «የማስተካከያ ሕመም» ብሎ በአንድ ስላይድ ማለፍ ነውር ነው!

መድኃኒቱ አይታወቅም እንዳይባል ይታወቃል፦ አገሩ ባመለከተ ቀን የዕዳ ክፍያው ይቁም፣ ለየደረጃው ቀነ ገደብ ይቆረጥ፣ አይኤምኤፍ ትንተናውን ለሁሉም አበዳሪ ቀድሞ ያሳይ። ግን ይህን ከኋላ ወንበር ተነስቶ የሚጠይቅ ነገር የማያውቅ ወጣት አይጠፋም። ብልህ አወያይ «እጅግ ጠቃሚ ጥያቄ ነው» ብሎ ያመሰግነውና ወደ ሻይ ሰዓት ያሻግረዋል። በሻይ ሰዓት ደግሞ የአበል ፊርማ አለ።