ክብደት የጥንካሬ ማረጋገጫ አይደለም

«ሐውልቱ ከባድና ውድ ከሆነ ጠንካራ ነው፤ ከዘመመም ሰው ገፍቶት ነው» የሚለው አስተያየትዎ የገጸ ባሕርይ ሐውልቶችን ገዝተው በቤታቸው በሚሰበስቡ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም።

አብዛኞቹ ትልልቅ የስብስብ ሐውልቶች የሚሠሩት ከድንጋይ ዱቄት ጋር ከተቀላቀለ ሬዚን (በፈሳሽነት በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጨምሮ ከሚደርቅ ፕላስቲክ) ነው። ዱቄቱ ክብደትና የድንጋይ ስሜት ይሰጠዋል እንጂ ከፕላስቲክነት አያወጣውም። ፕላስቲክ ደግሞ ጭነት ሳይቋረጥ ሲያርፍበት፣ ማንም ሳይነካው፣ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ቅርፁን ይለውጣል፤ ሙቀት ሲታከልበት ይፋጠናል። ስለዚህ የሚያምኑበት ክብደት ራሱ ጠላት ነው! በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ሰይፉን ዘርግቶ ወደ ፊት የተንጠራራ ተዋጊ ያስቡ፤ ያ ሁሉ ሸክም የሚያርፈው በቀጭን ቁርጭምጭሚት ላይ ነው። የተዘረጋው ክፍል በራቀ ቁጥር የሚያጎብጠው ኃይል ይበዛል። በእግሩ ውስጥ እስከ መቆሚያው የዘለቀ የብረት ዘንግ ካለ ሸክሙን ብረቱ ይቀበለዋል፤ መጠየቅ ያለበትም ይኸው ነው። ዋጋው በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ቀለሙ፣ ስለ ቅርጹና ከሐውልቱ ስንት ቅጂ እንደተሠራ ነው።

የዘመመውን በእጅ ገፍቶ ለማቅናት መሞከርን ግን እባክዎ ይተዉት፤ የደረቀ ሬዚን በድንገት ይሰበራል። ከተንጠራራው ክፍል ሥር ግልጽ የአክሪሊክ (መስታወት የሚመስል ጠንካራ ፕላስቲክ) ድጋፍ ያቁሙ፤ ከመስኮት ፀሐይና ከሚያግል መብራትም ያርቁት። መደርደሪያው መስታወት ከሆነ ከመጠን በላይ ሲጫን ሊሰበር ይችላልና የሚሸከመውን መጠን ያረጋግጡ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካዩ ዛሬውኑ አውርደው በስፖንጅ ላይ ያስተኙት።