ማረሻው ይቅር? አይቅር?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ «በአፈር ውስጥ ለሚኖሩ ትሎችና ጥቃቅን ፍጥረታት ሲባል ማረስ ይቅር»

ደጋፊዋ፦ ትራክተር ሲያርስ ወፎች ከኋላው የሚግተለተሉት ለምንድን ነው? ትል ተገልብጦ ስለሚቀርብላቸው ነው። ከወፍ የተረፈውም ቤቱ ፈርሷል። በተለይ ቅጠል ከላይ እየጎተተ ወደ ጉድጓዱ የሚያስገባው ትል ክፉኛ ይጎዳል። ቀዳዳው ከአንድ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በየዓመቱ ከላይ እየተቆረጠበት እንዴት ይኑር? ቀዳዳው ሲደፈን የዝናብ ውሃ የሚሰርግበት መንገድም አብሮ ይደፈናል። ያልታረሰ መሬት ያልተነካ መሬት ነው።

ተቃዋሚው፦ «ያልታረሰ መሬት ያልተነካ መሬት ነው»! ጉድ እኮ ነው። አረሙን ማን ሊያጠፋልዎ ነው? ሳያርሱ የሚዘሩ ትልልቅ እርሻዎች በአብዛኛው ግላይፎሴት የሚባል አረም ማጥፊያ ይረጫሉ። እንግሊዝ ውስጥ ሮትሃምስተድ በተባለው የግብርና ምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ ሙከራ የሚካሄድበት የሣር መሬት አለ። አይታረስም። አሞኒየም ሰልፌት ለዓመታት የተጨመረበት ክፍል ግን አፈሩ አሲዳማ ሆነ፤ ትሉም ጠፋ። የሚያብላላው ስለሌለ የደረቀው ሣር ላዩ ላይ ተከመረ። ማረሻው የታለ?

ደጋፊዋ፦ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዘው ሙጭጭ አሉ። ስለ ቀዳዳው ግን ትንፍሽ አላሉም። ደግሞ አፈሩን ያበላሸው ማዳበሪያው እንጂ አለመታረሱ አይደለም። ስለዚህ ተስማምተናል፤ ሰው የሚጨምረው ነገር ነው ጠንቁ።

ተቃዋሚው፦ መቼ ነው የተስማማነው? ክርክሩ ስለ ማረሻ ነበር፤ ቀስ ብለው ወደ ኬሚካል አዞሩት። ሁሉም ትል እኮ ማረሻ አይገድለውም። እዚያው ላይኛው አፈር ውስጥ አፈር እየበላ የሚኖረው ዓይነት፣ ፍግና ገለባ አብሮ ከተቀበረለት የታረሰ መሬት ላይም ይዘልቃል። ትል በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው ያለውስ ማነው? ከአውሮፓ የገቡ ትሎች በሰሜን አሜሪካ ጫካዎች የወደቀውን ቅጠል ጠርገው በልተው ችግኙን ራቁቱን አስቀርተውታል።

ደጋፊዋ፦ ስለ እርሻ ስናወራ ጫካ ገቡ! ትሉ እንኳ እንዲህ አይሸሽም።

ተቃዋሚው፦ እሺ፣ እርሻው ውስጥ ነኝ። ሳያርስ የዘራው ገበሬ ገለባው ሥር ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ ተራብቶ ቡቃያውን ሲጨርስበት «ትሎቼ ግን ደህና ናቸው» ብሎ ይጽናና?

ደጋፊዋ፦ ያንን ቀንድ አውጣ የሚበላ ጥንዚዛ አለልዎ! እሱም የሚጠለለው ገለባው ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አለ። ኒዮኒኮቲኖይድ በሚባል ፀረ ተባይ የታሸ የአኩሪ አተር ዘር ተዘራ። ቀንድ አውጣው በልቶት ምንም አልሆነም፤ እሱን የበላው ጥንዚዛ ግን ተመረዘ። ምርቱም 5 በመቶ ቀነሰ። ዘበኛውን ገድሎ ሌባ በዛብኝ ማለት ይሏል ይሄ ነው።

ተቃዋሚው፦ ይኸው፣ አሁንም ኬሚካል! ዘበኛውን የገደለው ማረሻ ነው ወይ? እሱን ይንገሩኝና እንቀጥላለን።

ደጋፊዋ፦ እርስዎ መጀመሪያ ስለ ቀዳዳው ይንገሩኝ።